ከእንጦጦ የሚወርዱ መንገዶች፤ ስለ ሦስት መንገደኞች መጻሕፍት የቀረበ ሂስ

የውጭ አገር ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ከጻፏቸው መጻሕፍት መካከል ብዙዎቹ የመንገደኞች መጻሕፍት ናቸው። አንዱ ሐኪም ነኝ ብሎ፣ ሁለተኛው መልእክተኛ ሆኖ፣ ሦስተኛው አውሬ ሊያድን፣ አራተኛው የወንዝ ምንጭ ሊፈልግ ይመጣል፤ በበቅሎና በግመል ይጓዛል፤ ያየውን ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ካየው አብልጦ ይጽፋል። እነዚህ መጻሕፍት ለታሪክ ትምህርታችን ትልቅ ጥቅም እንደ ሰጡ የሚክድ የለም። የቤተ መንግሥቱን ወግ፣ የገበያውን ሁኔታ፣ የሠራዊቱን አሰላለፍ፣ የሕዝቡን አለባበስና አመጋገብ፣ እኛ ዕለት ዕለት ስለምናየው ሳንጽፈው የቀረውን ሁሉ፣ እንግዳው ስለ ደነቀው ጽፎልናል።

ነገር ግን ከዚህ ጥቅም ጋር ተደባልቆ የገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቃል ነው። «ያልታወቀ አገር»፣ «የሰው እግር ያልረገጠው ምድረ በዳ»፣ «መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ» የሚሉት ቃላት በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። ከመንገደኛው መጽሐፍ ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከመማሪያው መጽሐፍም ወደ ተማሪው ደብተር ይሻገራሉ። አንድ ልጅ «የዓባይን ምንጭ ማን አገኘው?» ተብሎ ሲጠየቅ የአንድ ስኮትላንዳዊ ስም ብቻ ቢመልስ፣ በምንጩ ዳር ተወልደው በምንጩ ዳር የተቀበሩት ሰዎች በልጁ አእምሮ ውስጥ እንዳልተፈጠሩ ይቈጠራሉ። ስለዚህ የመንገደኞችን መጻሕፍት መመርመር የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አገራችንን በማን ዓይን እንደምናይ የሚወስን ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምራቸው መንገደኞች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም በጎንደር ነገሥታት ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው የሩስያ ጦር መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ናቸው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሦስቱን መንገደኞች በአንድ መዝገብ እንዳገባቸው ምክንያት የሆነኝ የእንጦጦ ተራራ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለአዲስ አበባ እንደ ግንብ የቆመ ሲሆን፣ በደቡብ በኩል የካን፣ ቀበናንና ጉለሌን፣ በሰሜን በኩል የሱሉልታን ሜዳ ይመለከታል። በራሱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በሰሜኑ ገጽ የወረደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በደቡቡ ገጽ የወረደው በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ብሩስ የፈለገው የፊተኛውን ውሃ መነሻ ነበር፤ ቴሲጀር የፈለገው የኋለኛውን ውሃ መድረሻ ነበር፤ ቡላቶቪች ደግሞ በ1897 በፔተርስቡርግ ያሳተመውን የመጀመሪያ መጽሐፉን «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» ብሎ በዚሁ ተራራ ስም ጠርቶታል። እንግዲህ ሦስቱን መጻሕፍት ለመመዘን ከእንጦጦ የተሻለ መቆሚያ የሚገኝ አይመስለኝም።

ለመሆኑ የመንገደኛ መጽሐፍ የሚመዘነው በምንድን ነው? አንዳንዱ ሰው በመንገዱ ርዝመት፣ አንዳንዱ በደረሰበት መከራ ብዛት፣ አንዳንዱም «ከእኔ በፊት ማንም አላየውም» በሚለው የቀዳሚነት ክብር ይመዝነዋል። እኔ የማቀርበው ሚዛን ሌላ ነው። መንገደኛ ብቻውን አይጓዝም። መንገድ የሚመራው፣ አጋሰስ የሚጭንለት፣ ቋንቋ የሚያስተረጕምለት፣ ሲመሽ ደጁን ከፍቶ የሚያሳድረው፣ በግዛቱም እንዲያልፍ የሚፈቅድለት ሰው አለ። ስለዚህ መጽሐፉን ስንከፍት፣ ማን መራው? ማን አሳለፈው? እነዚህንስ ሰዎች በስማቸው ጠርቶ አመስግኗቸዋልን? ብለን እንጠይቅ። ይህን የሚመልስ መጽሐፍ የታመነ ምስክር ነው፤ የማይመልስ ግን በካርታና በሥዕል ምንም ያህል ቢያጌጥ የእውነቱን እኩሌታ የሸሸገ ነው።

ይህ ሚዛን ትናንት የተፈለሰፈ እንዳይመስል አንድ የቈየ ምሳሌ ላቅርብ። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1681 ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1683 ደግሞ ካርታ አወጣ። ይህ ሰው የኢትዮጵያን ምድር በእግሩ ረግጦ አያውቅም። የአገሩን ተራራና ወንዝ፣ ሕግና ሃይማኖት፣ ቋንቋውንም ጭምር ያስተማሩት በአማራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሁለቱ በ1649 በሮማ ተዋወቁ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ተጉዘው በጠረጴዛ ዙሪያ ጠያቂና መላሽ ሆነው ሠሩ። ሉዶልፍ ያወቀውን ከማን እንዳወቀው አልደበቀም፤ የመምህሩን ስም በመጽሐፉ አኑሮታል። አንድ ቀን እንኳ በበቅሎ ያልተጓዘው ሰው፣ ሺሕ ምዕራፍ ከተጓዙት ብዙዎች ይልቅ በዚህ ረገድ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱንም መንገደኞች የምለካው በዚህ ልክ ነው።

ከብሩስ እንጀምር። ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር በቍስቋም ሕሙማንን አከመ፤ በዚህም በእቴጌ ምንትዋብና በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ በራስ ሚካኤል ስሑልና በዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ፊትም ተወደደ። ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ስለ እንግሊዝ ንጉሥ ስለ ሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ በ1790 ነው። በለንደን ብዙ ሰው አላመነውም፤ የታወቀው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ጊዜ ግን ለብሩስ መሰከረለት፤ ከጻፈው አብዛኛው እውነት ሆኖ ተገኘ። መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ወደ አውሮፓ ማድረሱም ለዓለም ሊቃውንት የማይረሳ ውለታ ነው።

ይህን ሁሉ ከመሰከርንለት በኋላ ጕድለቱን መናገር ፍርድ ማጓደል አይሆንም። አንደኛ፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፓኛዊ ካህን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ በ1618 ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፏል፤ ብሩስ ግን የቀዳሚነቱ ክብር እንዳይነካበት የፓኤዝን ምስክርነት ሊያፈርስ ደከመ። ሁለተኛ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣልያናዊ ሠዓሊ ከእርሱ ጋር ምንጩ ድረስ ተጕዞ በ1771 በጎንደር ሞተ፤ ብሩስ በመጽሐፉ ይህ ሰው ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ ሥራ አስመሰላቸው። አንድ ሰው ብቻውን በምንጩ አጠገብ ቆሞ እንዲታይ ሁለት ሰዎች ከሥዕሉ ተፋቁ ማለት ነው።

ሆኖም የብሩስ መጽሐፍ አስደናቂ የሚሆነው ደራሲውን ራሱን ስለሚቃወመው ነው። ደራሲው «አገኘሁት» ይላል፤ መጽሐፉ ግን በየገጹ ያሳለፉትን ሰዎች ይቈጥራል። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል የራሱን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው፤ እንዳይቀመጥበትም፣ ከፊት ከፊት እየነዳ እንዲሄድ መከረው፤ የአገሩ ሰው ፈረሱን ሲያይ የማን እንግዳ እንደ ሆነ ያውቃልና። ግሽ በደረሰ ጊዜም ያረፈው ክፍለ ዓባይ በሚባሉ፣ የምንጩ ጠባቂ በሆኑ ሽማግሌ ቤት ነበር። ልብ በሉ፤ የሽማግሌው ስም ራሱ «የዓባይ ድርሻ» ማለት ነው። ምንጩን ለመጠበቅ የተሾመ ሰው፣ ስሙንም ከወንዙ የወሰደ ሰው ባለበት አገር፣ ምንጩ «ጠፍቶ ነበር» ማለት እንዴት ይቻላል? በዚያው ስፍራ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ውሃ ሳይነካቸው እንደ ተቀበሉ የሚተረከው ትውፊት በምእመናን ዘንድ የታወቀ ነው። የትውፊቱን ነገር አማኝ በእምነቱ ይቀበለው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ያስረዳናል፤ ምንጩ ታሪክና ስም፣ ጸሎትና ጠባቂ የነበረው ስፍራ ነበር። ብሩስ ያገኘው ምንጩን ሳይሆን ወደ ምንጩ የሚያደርሱትን ሰዎች ነው። ይህንንም ሳይፈልግ በመጻፉ መጽሐፉ ከእርሱ ይበልጥ ታማኝ ሆኗል።

ከብሩስ በኋላ አንድ መቶ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ዘልለን ወደ ቡላቶቪች እንምጣ። ቡላቶቪች ኢትዮጵያ የገባው ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 ከሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ጋር ነበር። ሐኪሞቹ ቍስለኛ ሲያክሙ እርሱ ወደ ምዕራብ ለመጓዝ ፈለገ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተነሥቶ በለቀምት በኩል እስከ ባሮ ተጓዘ፤ በ1897 መጀመሪያም ተመለሰ። መጽሐፉን ሲያወጣ ዋና ከተማው ከተራራው ወደ ፍልውሃ ከወረደ ዐሥር ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ እርሱ ግን በአውሮፓ ይበልጥ በሚታወቀው በእንጦጦ ስም ጠራው።

የርእሱን ትሕትና ልብ ብሎ ማየት ይገባል። «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» ሲል ሁለት የአገሬው ስሞችን አንሥቶ በመካከላቸው ያለፈ መንገደኛ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ «ጨለማው» ወይም «ያልታወቀው» የሚል ቃል በርእሱ ላይ አልጫነም። በውስጡም ሹማምንቱን በየስማቸውና በየማዕረጋቸው ይጠራል፤ ለምሳሌ የለቃው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር እንዴት እንደ ተቀበሉት ይነግረናል። የኦሮሞውን ሕዝብ አኗኗር፣ የኢትዮጵያን ሠራዊት አደረጃጀት፣ የቤተ ሰብን ሥርዓት ለብቻ ለብቻ ከፍሎ ይጽፋል። ወታደር ነውና አጻጻፉ አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ ያልገባውን አይቀባባውም። በእኔ ሚዛን ይህ መጽሐፍ ከብሩስ አምስት ቅጽ ይልቅ ለመንገድ መሪዎቹ ባለውለታነቱን ያውቃል።

ሁለተኛው መጽሐፉ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ቡላቶቪች በ1897 ተመልሶ መጥቶ፣ በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከከፋ ተነሥቶ በ1898 ኦሞ ወደ ሐይቁ እስከሚገባበት ስፍራ ደረሰ፤ «ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር» የተባለውን መጽሐፍም በ1900 አሳተመ። በዚህ ጉዞ ካርታ አነሣ፤ አንድ የተራራ ሰንሰለትም በንጉሡ በዳግማዊ ኒቆላዎስ ስም ሰየመ። ስሙ በአገሬው አንደበት አልጸናም። ሐይቁም በ1888 ቴሌኪ የተባለ የሃንጋሪ መኰንን ባወጣለት ስም «ሩዶልፍ» ሲባል ቈይቶ፣ ከ1975 ወዲህ በዳርቻው በሚኖረው ሕዝብ ስም ቱርካና ተብሏል። የሩቅ ንጉሥ ስም በድንጋይ ላይ እንደ ተጣለ ዘር ነው፤ ቢበቅልም ሥር አይሰድም።

የከበደው ነገር ግን ስሙ አይደለም። በጦር ጉዞ ውስጥ መንገድ መሪ ሁልጊዜ በፈቃዱ የሚመራ አይደለም፤ አሳዳሪም ሁልጊዜ ደጁን በፈቃዱ የሚከፍት አይደለም። ቡላቶቪች የጦሩን ጽናትና የራስ ወልደ ጊዮርጊስን አመራር ያደንቃል፤ በሰፈራቸው ላይ ጦር የመጣባቸውን ሰዎች ስቃይም አይቶ ዝም አይልም። በሐይቁ አካባቢ ክፉኛ ቈስሎ ያገኘውን አንድ ሕፃን አንሥቶ አስታመመ፤ ቫስካ ብሎ ጠራው፤ ወደ ሩስያም ወሰደው። ርኅራኄው እውነተኛ ነው። ነገር ግን አንባቢ ልጁን የሚያውቀው ያነሣው መኰንን በሰጠው ስም ነው። «ምድረ በዳ» በተባለው አገር እናትና አባት ያለው ልጅ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ገጽ በመንገደኞች መጻሕፍት ውስጥ አላነበብሁም። ቡላቶቪች ኋላ መንኵሶ ወደ አቶስ ተራራ የገባውና በ1919 የተገደለው ከብዙ ጦርነት በኋላ ነው፤ ለዚያ ሕይወት ያበቃው ምን እንደ ሆነ መወሰን የእኔ ፈንታ አይደለም፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ግን በድል መካከል የሚያቃስት ልብ የጻፈው መሆኑ ይታያል።

ሦስተኛው መንገደኛ የካን የሚያውቅ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 በእንጦጦ ግርጌ ባለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ቅጥር ግቢ ተወለደ፤ ያ ግቢ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። አባቱ የመንግሥቱ እንደራሴ ነበሩ። ልጁ በስድስት ዓመቱ በ1916 ከሰገሌ ጦርነት የተመለሰው ሠራዊት በጃን ሜዳ ሲሰለፍ አየ፤ በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተጋባዥ ሆኖ ተገኘ። በ1933 መጨረሻ አዋሽ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ተነሣ፤ ባልደረባው ታሞ ተመለሰ፤ እርሱ ግን በ1934 አውሳ ገብቶ ሱልጣን መሐመድ ያዮን አግኝቶ፣ አቤ ሐይቅን አይቶ፣ በታጁራ በኩል ከባሕር ወጣ። የሕይወቱን ታሪክ በ1987 «የመረጥሁት ሕይወት» በሚል ርእስ አሳተመ፤ የዚያን ጉዞ ማስታወሻ ደግሞ በ1996 አወጣ።

ቴሲጀር ከሦስቱ ሁሉ የተሻለ ጸሐፊ ነው። ሰውን በጥቂት ቃል ሕያው አድርጎ ማሳየት ያውቅበታል፤ ጓዙን የመራለትንና በየችግሩ ያማከረውን ሶማሌውን ዑመርን በስሙ ጠርቶ ያመሰግነዋል። በመጀመሪያው ጥያቄያችን ረገድ ስሙ የሚነቀፍ አይደለም። ጕድለቱ በሌላ በኩል ነው። ቴሲጀር ምድረ በዳው ምድረ በዳ ሆኖ እንዲቀር ይመኛል። መኪና ሲመጣ፣ መንገድ ሲጠረግ፣ የሰው ኑሮ ሲለወጥ ያዝናል። የአፋር ሰው በኵራቱና በጀግንነቱ ይማርከዋል፤ ነገር ግን የዚያ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ቢገባ፣ ሐኪም ቢያገኝ የሚደሰት አይመስልም። አገሩ ለእርሱ የነፍስ ማረፊያ ነው፤ ለአፋሩ ግን ግመል የሚጠጣበት፣ ልጅ የሚያድግበት፣ ሙት የሚቀበርበት ቤት ነው። አዋሽ የት እንደሚያልቅ መጠየቅም ለአውሮፓ ካርታ አንሺ ምስጢር ነበር እንጂ በአቤ ዳር ለሚያሰማራው እረኛ የጧት መንገድ ነበር። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ በሐዳር በ1974 የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ተገኘች። «የሰው እግር ያልረገጠው» ከተባለው ምድር ቀደምት የሰው ዘር ዱካ ወጣ።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በአፍሪካ መካከል የተጓዙትን ሁሉ ታሪክ ብንመረምር ያው ነው። ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1855 በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያየውን ፏፏቴ በንግሥቱ በቪክቶሪያ ስም ጠራው፤ የአገሩ ሰዎች ግን ከእርሱ በፊት ሞሲ ኦአ ቱንያ፣ ይኸውም «የሚያጓራው ጢስ» ይሉት ነበር። በ1873 ሊቪንግስተን በሞተ ጊዜ ቹማና ሱሲ የተባሉ አገልጋዮቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሬሳውን ተሸክመው ብዙ ወራት ተጉዘው ከባሕር አደረሱት። መንገደኛው መንገዱን ከማያውቅበት ጊዜ ይልቅ መንገደኛው በሌለበት ጊዜ መንገዱን ማን ያውቅ እንደ ነበረ በዚህ ተገለጠ።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለ እንግዶች ነው። ሚዛን ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ ሚዛን አይባልም፤ ስለዚህ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። እኛስ «ቆላ ወረደ»፣ «ጠረፍ ተጣለ»፣ «ምድረ በዳ ተላከ» ስንል ምን ማለታችን ነው? አንድ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ ወረዳ ሲዛወር ወዳጆቹ እንደ ሐዘንተኛ ይሰናበቱታል። በዚያ ወረዳ ግን ገበያ የሚውል፣ ዳኝነት የሚቀመጥ፣ ልጁን የሚድር ሕዝብ አለ። ቡላቶቪች በንጉሡ ስም ተራራ ሲሰይም የምንታዘብ ሰዎች፣ የምንመደብበትን አገር ስም አጣመን ስንጽፍ ራሳችንን ካልታዘብን ሂሳችን ግማሽ ይሆናል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። «አዲስ አበባ በ1886 ተቈረቈረች» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቃሉን ስንደጋግመው ከዚያ በፊት በስፍራው ዛፍና ጅብ ብቻ የነበረ ይመስለናል። የካና ጉለሌ የሚባሉት ስሞች ከከተማዋ በፊት በዚህ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው፤ ፍልውሃውም ፊንፊኔ ይባል ነበር። በየካ ተራራ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም ከዋና ከተማው መመሥረት በብዙ ዘመን ይቀድማል። እንግዲህ የቆምንበት ኮረብታ ራሱ ከእኛ በፊት ስም፣ መንገድና ጸሎት ነበረው። ዛሬም ቢሆን የእንጦጦን ጥግና ገደል፣ አቋራጩንና ምንጩን ከማንኛውም ካርታ ይበልጥ የሚያውቁት ዘመናቸውን ሁሉ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱት እናቶች ናቸው። የእነርሱን ስም የሚመዘግብ የጉዞ መጽሐፍ ገና አልበዛም።

ከእኛ ወገን መልካም ምሳሌ የለም ማለት ግን አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተጉዘው በተከታዩ ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ለኢትዮጵያ አንባቢ አገሩ እጅግ ሩቅና እንግዳ ነበር፤ ሆኖም ደራሲው ጃፓንን አገኘሁ አላሉም፤ እንግዳ ሆነው ሄዱ፣ እንደ እንግዳ ተቀበሏቸው፣ ያዩትንም ጻፉ። ሰው የሚኖርበት አገር ይጐበኛል እንጂ አይገኝም። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ታላላቅ መጻሕፍት ያጡት ነው።

«እነዚህ መንገደኞች ባይመጡና ባይጽፉ ኖሮ ስንት ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ታዲያ ውለታቸውን በነቀፋ መመለስ ይገባልን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም መጻሕፍቱ ይጣሉ አላልሁም፤ እንዲያውም አብልጠን እናንብባቸው እላለሁ። ውለታ የሚመለሰው ግን ባለውለታዎች ሁሉ ሲቈጠሩ ነው። ብሩስን ስናመሰግን ክፍለ ዓባይንና ባሉጋኒን እናመስግን፤ ቴሲጀርን ስናደንቅ ዑመርን አንርሳ። የመንገደኛውን ድፍረት ስንመሰክር፣ እንግዳው በጎንደር መኳንንት መካከል ሳይነካ እንዲመላለስ ያደረገውን የአገሩን እንግዳ ተቀባይነትም እንመስክር።

እንግዲህ መምህራን እነዚህን መጻሕፍት በክፍል ውስጥ ሲያነቡ ተማሪዎቻቸውን አንድ ሥራ ቢያዝዟቸው መልካም ነው፤ ይኸውም በየምዕራፉ መንገደኛውን የመራውን፣ ያሳደረውንና ያሳለፈውን ሰው ስም እየለቀሙ በደብተራቸው እንዲጽፉ ነው። ስሙ ያልተጻፈ ከሆነም «አንድ መሪ»፣ «አንዲት ሴት»፣ «አንድ ሽማግሌ» ብለው ይጻፉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ምድረ በዳ የተባለው አገር በሰው ተሞልቶ ይገኛል። ተማሪዎችም በየሰፈራቸው ያሉትን አረጋውያን የኮረብታውን፣ የወንዙንና የመንገዱን ጥንታዊ ስም እየጠየቁ ቢመዘግቡ፣ ነገ የሚጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ከትናንቱ የተሻለ ይሆናል። በየወረዳው የምንመደብ ሠራተኞችም ከመዝገብ ቤቱ በፊት የአገሩን ስም ከአገሩ ሰው አንደበት እንማር። ይህን ሐሳብ ለአንባብያን ፍርድ አቅርቤአለሁ።